ስለ ሕፃናት ጠበኛነት፥ ስለ ገበታቸውና ስለ እርሳስ መርዝ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የሕፃናት ጠባይ መበላሸት» የሚል ነበር። እኛ ከጅጅጋ፥ ከቀብሪ በያህ፥ ከአውበሬና ከቶጎ ውጫሌ የመጣን ተማሪዎች ግን ርእሱን በጥቂቱ አጠበብነው። ስለ ጠባይ መበላሸት የሚናገር ሰው በአገራችን ሞልቶአል፤ ሽማግሌው ይናገራል፥ መምህሩ ይናገራል፥ የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ማአሊም ይናገራል፥ ፖሊሱም ይናገራል። ያ የሚደባደበው ልጅ ምን በልቶ እንደ ዋለና እጁ ምን ሲነካ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው። ልጅን ቁጡና ጠበኛ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል ከገበታው የጎደለውና ከአቧራው የገባበት ተባብረው የሚሠሩ ሁለት ጠላቶች ናቸው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ ማሸነፍ አይቻልም።

ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ደግሞም እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም። የእሱ ሆድ ዕቃ ግራፋይት የተባለ የከሰል ዘመድ ነው፤ ልጅ ቢያኝከው መምህሩን ያስቆጣ እንደ ሆነ እንጂ አይመርዝም። እኛ የምንለው ጥይት የሚፈስበትን፥ የመኪና ባትሪ የሚሠራበትን ያን ከባድና ለስላሳ ብረት ነው።

እርሳስ ለሰው አካል ምንም አገልግሎት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰውነት ከካልሲየምና ከብረት ለይቶ ስለማያውቀው ነው። አንጀት ብረትን በሚያስገባበት በር እርሳስም ይገባል፤ አጥንት ካልሲየምን በሚያከማችበት ጎተራ እርሳስም ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ይልቁንም ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው መጠን ከዐዋቂው አራት አምስት እጥፍ ይደርሳል። ከደሙም ወደ አንጐል ይሻገራል። እዚያ ሲደርስ በብርቱ ከሚጎዳቸው አንዱ የፊተኛው የአንጐል ክፍል ነው፤ ይኸውም ሰው ሲናደድ «ቆይ፥ ታገሥ» የሚለው ልጓም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃን «ይህን ያህሉ አይጎዳውም» ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም።

ይህ ግምት አይደለም። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን አጠገብ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች የነቀሉትን የወተት ጥርስ ሰብስቦ በውስጡ ያለውን እርሳስ መረመረ። መምህራኑ ስለ ጥርሱ ምንም ሳያውቁ የልጆቹን ጠባይ እንዲጽፉ ተጠየቁ። እርሳሱ እየበዛ በሄደ ቁጥር መምህሩ «አያዳምጥም፥ አይታገሥም፥ ቶሎ ይበሳጫል» ብሎ የጻፈበት ልጅም እየበዛ ሄደ። ይኸው ሰው በ1996 በፒትስበርግ የወንዶች ልጆችን የቅልጥም አጥንት መርምሮ፥ እርሳስ የበዛባቸው በጠበኛነትና በአጥፊነት የበለጡ ሆነው እንዳገኛቸው አሳተመ። በ2008 ደግሞ ከሲንሲናቲ ከተማ የወጣው ጥናት፥ በጽንስነታቸውና በልጅነታቸው በደማቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ በፖሊስ የተያዙበት ጊዜ እንደሚበልጥ ገለጠ።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። በ2016 በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 57ቱ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳየ። በሶማሌ ክልል ግን ቁጥሩ 83 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እነሆ የሁለቱ ጠላቶች ኅብረት የሚታየው በዚህ ላይ ነው። የደም ማነስ ትልቁ ምክንያት የብረት እጥረት ነው፤ ብረት ያጣ አንጀት ደግሞ በሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ በሩን ሲከፍት ብረት ካላገኘ እርሳሱን ይቀበላል። ስለዚህ በአንድ ግቢ አቧራ ላይ ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች መካከል በይበልጥ የሚመረዘው የተራበው ነው።

የብረት እጥረት ራሱም ቢሆን ብቻውን የሚንቀው አይደለም። በኮስታሪካ በጨቅላነታቸው ብረት አጥተው የነበሩ ልጆች ታክመው ከ10 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ወላጆቻቸውና መምህሮቻቸው በጭንቀታቸው፥ ከሰው ጋር ባለመስማማታቸውና አሳባቸውን ባለመሰብሰባቸው ያማርሩባቸው ነበር። በሞሪሺየስ ደሴት በ3 ዓመታቸው የምግብ እጥረት ምልክት የታየባቸው ልጆች በ8፥ በ11ና በ17 ዓመታቸው ከእኩዮቻቸው ይልቅ ጠበኞች ሆነው መገኘታቸው በ2004 ታትሞአል፤ ከምልክቶቹም አንዱ ደም ማነስ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ 231 ወጣት እስረኞችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ቪታሚንና ማዕድን፥ ለሁለተኛው ባዶ ክኒን ቢሰጡ፥ ቪታሚኑን የዋጠው ወገን በእስር ቤቱ ውስጥ የሚፈጽመው ጥፋት ከሌላው በ26 በመቶ አነሰ። ይህ የወጣው በ2002 ነው። ዘበኛ አልተጨመረም፥ ዱላም አልተጨመረም።

የአገራችንን የጅጅጋን ገበታ እናውቀዋለን። ዝናብ በጣለበት ዓመት ወተት አለ፤ ወተትም ብዙ ካልሲየም ያለው መልካም ምግብ ነው፥ ብረቱ ግን በጣም ጥቂት ነው። ድርቅ ሲገባና ከብቱ ሲያልቅ፥ ሰውም ከገጠር ወደ ከተማ ሲሰደድ፥ ወተቱ ይቀርና ሻሂ በስኳር ይተካዋል። ልጁ ጠዋት አንጄሮ በሻሂ፥ ቀን ሩዝ ወይም ፓስታ፥ ማታም ሻሂ ነው። ሻሂ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ያን ጥቂት ብረት እንኳ ይዞ ያስቀረዋል። (ከአወዳይ በጅጅጋ በኩል ወደ ጠረፍ የሚከንፈውን የጫት መኪናም እዚህ ላይ ሳናነሣው አናልፍም፤ የአባትን ኪስ ከሥጋ ሻጩ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።)

እርሳሱስ ከወዴት ይመጣል? የጥንቱ ትልቁ ምንጭ ቤንዚን ነበር። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከሰሐራ በታች ያሉት አገሮች በ2006 መጀመሪያ ላይ ተዉት፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 አቆመች። ስለ ቀለምም በአገራችን በ2018 ደንብ ወጥቶ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን ክፍል 90 እንዳይበልጥ ተወስኖአል። መልካም ነው። ነገር ግን ከደንቡ በፊት የተቀባው በርና መስኮት፥ የትምህርት ቤት ወንበርም እስከ ዛሬ እየተፋቀ ይረግፋል። ያረጀ ባትሪ በሚከፈትበትና እርሳሱ በሚቀልጥበት ስፍራ ሁሉ አፈሩ ይመረዛል፤ ረዳት ሆኖ የሚውለው ልጅ ማታ በልብሱ አቧራውን ይዞ ለታናናሾቹ ያደርስላቸዋል። ኩልም አለ። እናቶቻችን ለውበትና ከዓይን በሽታ ይጠብቃል ብለው የሕፃኑን ዓይን ይኩላሉ፤ ከኩል ዓይነቶች አንዳንዱ ከእርሳስ ድንጋይ የተፈጨ ነው፥ ሕፃኑም ዓይኑን በጣቱ አሽቶ ጣቱን ይጠባል። ኩሉን የምትኩለው በፍቅር ስለ ሆነ ነገሩን ለእናት መንገር ይከብዳል፤ ቢሆንም መነገር አለበት።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ «ከረሜላውና ቀለም የገባበት የጠርሙስ መጠጥስ?» የሚል ነው። በስኳር ላይ የቀረበው ክስ በደንብ ተመርምሮ በ1994 አልጸናም፤ ስኳር ጥርስ ያበላሻል፥ የምግብ ቦታም ይወስዳል፥ ልጅን ግን አያሳብድም። በአንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ላይ ግን በ2007 በሳውዝሃምፕተን የተደረገው ጥናት ልጆችን እንደሚያቅበጠብጡ አሳይቶአል፤ አውሮፓም ከ2010 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። ከእርሳስ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነገር ነው።

ሌላው ጥያቄ የከበደ ነው። በ1988 ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽቶ ሐርተ ሼክ ሜዳ ላይ የሰፈረው ሕዝብ ልጆች ቢቆጡ በእርሳስ ነውን? አይደለም። ጦርነት ያየ፥ ቤቱን ያጣ፥ አባቱን የቀበረ ልጅ የሚቆጣበት ምክንያት አለው። ድህነትም ራሱ ጠብ ያስተምራል። ሁሉን በአንድ መርዝ የሚያላክክ ተማሪ ሳይንስ ገና አልገባውም። እኛ የምንለው፥ ይህን ሁሉ የተሸከመ ልጅ ልጓሙ በመርዝና በረኃብ ሲበጠስ ዝም ብለን አንመልከት ነው። ዱርዬ ተብሎ በአለንጋ የሚገረፈው ልጅ አለንጋው ደሙ ውስጥ አንድ ቅንጣት ብረት አይጨምርለትም፤ ከአጥንቱም አንድ ቅንጣት እርሳስ አያወጣለትም።

ምን ይደረግ ቢባል፥ ሚኒስቴር የሚጠብቀውን ለሚኒስቴር ትተን በእጃችን ያለውን እንናገር። ሻሂውን ከምግብ አንድ ሰዓት ማዘግየት ገንዘብ አይጠይቅም። በሩዙ ላይ ሎሚ መጭመቅ ብረቱን ለሰውነት ያቀለዋል። ጉበት በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ ለሕፃኑ ይሰጥ። የእርሳስ ኩል ይቅር፤ ከባትሪ ሥራ የሚመለስ ሰውም ልብሱን ውጭ ለውጦ፥ እጁን ታጥቦ ይግባ።

የመጨረሻው ነገር በገዛ አገራችን የተፈተነ ነው። በትግራይ፥ በመቐለ አጠገብ በኲሓ፥ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከእውነተኛ ብረት የተሠራ ድስት ተሰጥቶ፥ ሌላው በአሉሚኒየም ሲያበስል ቆየ። ከ12 ወር በኋላ በብረቱ ድስት የበሉት ሕፃናት ደማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጨመረ፥ ቁመታቸውም የተሻለ አደገ፤ ይህም በ1999 ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጣ። ችግሩ «ብረት ድስት» ብለን የምንጠራው አብዛኛው አሉሚኒየም መሆኑ ነው፤ ከማይታወቅ ቁርጥራጭ አቅልጠው ከሠሩት ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ክረምት ወደ ጅጅጋ፥ ወደ አውበሬና ወደ ቶጎ ውጫሌ ለምንሄድ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ትንሽ ማግኔት ይግዛልን። አሉሚኒየምን ማግኔት አይዘውም። በየቤታችን ድስቱን እየሞከርን፥ ያልያዘውን እየቆጠርን ጽፈን እናመጣለን፤ ቁጥሩም በመስከረም በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ።