በካርዱ ጥግ ላይ ያለው ትንሹ ቁጥር



ሚሞሪ ካርድ ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በደማቁ በታተመው ቁጥር ላይ ነው፤ 100፣ 170፣ 200 ሜጋባይት በሰከንድ። የዛሬው መከራከሪያዬ አንድ ነው፤ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቁጥር እምብዛም አይጠቅመውም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የንባብን ፍጥነት፣ ማለትም የተቀረጸው ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ካርዱ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ነው። የካሜራው ሥራ ግን መጻፍ ነው፤ ያውም ሳያቋርጥ። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ካርዱ እጅግ በደከመበት ቅጽበት እንኳ ከምን በታች እንደማይወርድ ነው።

ይህን ለመመዘን ከካርዱ በፊት ካሜራውን መጠየቅ ይገባል። ካሜራው በየሰከንዱ የሚያወጣው የመረጃ መጠን፣ ቢትሬት የሚባለው፣ በሜጋቢት ይለካል፤ የካርዱ ፍጥነት ደግሞ በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ የካሜራውን ቁጥር ለ8 ማካፈል ግድ ነው። ብዙ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ የሚጠቀሙበት 100 ሜጋቢት ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህችን ማካፈል የዘለለ ሰው ያለ ምክንያት ይፈራል፤ ለማያስፈልገው ካርድም ይከፍላል። ስሌቱ ስለ መያዣ መጠንም ይናገራል። በዚሁ ቢትሬት የአንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የ64 ጊጋባይት ካርድ እንግዲህ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ሲሠራ ይሞላል። ለሰርግ ይህ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ሰርግ ቀርጾ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዝቅተኛውን የመጻፍ ፍጥነት የሚያመለክተው በካርዱ ላይ በትንሹ የታተመው ምልክት ነው። የኤስዲ ካርዶችን ደረጃ የሚወስነው የኤስዲ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለቪዲዮ የታሰበውን የ«ቪ» ደረጃ አወጣ። ቪ30 የሚለው ካርድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት በሰከንድ ሳያቋርጥ ለመጻፍ ቃል የገባ ነው፤ ቪ60ም ቪ90ም እንደዚሁ። 30 ሜጋባይት ማለት 240 ሜጋቢት ነው፤ የተለመደው 4ኬ ቀረጻ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። (አጠገቡ «ኤ1» ወይም «ኤ2» የሚል ምልክት ቢታይ ስልክ ላይ መተግበሪያ ለሚጭን ሰው የተጻፈ ነው፤ እኛን አይመለከትም።) ከቪ30 በላይ የሚያስፈልገው ሥራ አለ። የፓናሶኒክ ጂኤች5 ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2017 በተለቀቀለት ማሻሻያ 400 ሜጋቢት መቅረጽ ቻለ፤ ይህም 50 ሜጋባይት ስለሆነ ቪ60 ይጠይቃል። ክብደቱ የመጣው እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚመዘግብ ነው፤ ቀለል ያለው አሠራር ግን ከፍሬም ወደ ፍሬም የተለወጠውን ብቻ መዝግቦ ያልፋል።

ዝቅተኛው ፍጥነት ይህን ያህል የሚወስነው ለምንድን ነው? በካሜራውና በካርዱ መካከል ባፈር የሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ አለ። ከላይ ቧንቧ የሚወርድበት፣ ከታች ቀዳዳ ያለው በርሜል ነው ብንል አንሳሳትም፤ ቀዳዳው ለጥቂት ሰከንድ ቢጠብ በርሜሉ ይችላል፣ ጥበቱ ከቆየ ግን ይሞላል፣ ካሜራውም መቅረጹን ያቆማል። ካርዱ ደግሞ የሚዘገይበት ምክንያት አያጣም፤ በፍላሽ ሚሞሪ ላይ አዲስ ነገር ለመጻፍ አስቀድሞ አሮጌውን በብሎክ መደምሰስ ያስፈልጋል። ከቀረጻ በፊት ካርዱን በዚያው ካሜራ ፎርማት ማድረግ የሚመከረውም በከፊል ለዚህ ነው።

«ፈጣኑን መግዛት ምን ይጎዳል፤ ዋስትና ነው» የሚሉ አሉ። ካሜራው ግን ከቢትሬቱ በላይ አይጽፍም። ዩኤችኤስ-2 የተባለው ፈጣን ካርድ ዩኤችኤስ-1 ብቻ በሚቀበል ካሜራ ውስጥ ሲገባ ከ104 ሜጋባይት ጣሪያ አያልፍም፤ ትርፉ የከፈልንበት ገንዘብ ነው። በእርግጥ ካርድ ማንበቢያው ከተስማማው ግልበጣው ይፈጥናል፤ በዚያው ሌሊት ኤዲት አድርጎ ማስረከብ ላለበት ሰው ይህ ተገቢ ምክንያት ነው። ሌሎች ደግሞ ቢትሬቱን ዝቅ አድርጎ በርካሽ ካርድ መሥራትን ይመርጣሉ። ቆሞ ለሚናገር ሰው ይህ ያዋጣል። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ጠበል ሲረጭ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲንቀሳቀስ፣ ጃንጥላው ሲያብረቀርቅ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ከቀዳሚው ይለያል፤ ቢቱ አልበቃ ሲል ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበላሻል፤ ያልተመዘገበውንም ዝርዝር ኤዲቲንግ አይመልሰውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ፎርጅዱም እኮ ቪ30 ተብሎ ይታተምበታል»። እውነት ነው፤ ማኅተም ማረጋገጫ አይሆንም። ፎርጅድ ካርድ የሌለውን መጠን እንዳለው አስመስሎ ለካሜራው ይናገራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚመጣው ሁሉ ይጠፋል ወይም አሮጌውን ይደመስሳል፤ ካሜራው ግን ላያስታውቅ ይችላል። መልሱ ካርዱን ከሥራ በፊት እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ እና ኤፍ3 የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ የመጻፍ ፍጥነቱንም አብረው ይለካሉ። ሙከራው በትልቅ ካርድ ላይ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አንዴ ነው።

ቪ90 ባለመግዛት የተረፈው ገንዘብ እንግዲህ ለሁለተኛ ኦርጅናል ቪ30 ቢውል የተሻለ ነው። ሁለት የካርድ ማስገቢያ ባለው ካሜራ ቀረጻው በአንድ ጊዜ በሁለቱም ላይ ሊመዘገብ ይችላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀራል። በዚህ አሠራር ግን ሁለቱም ካርዶች ቢትሬቱን መቻል አለባቸው፤ አዲሱን ገዝቶ አሮጌውንና ዘገምተኛውን ከጎኑ የሚሰካ ሰው ቀረጻውን ያሰረው በዘገምተኛው ፍጥነት ነው።