ከተማ ሲሰፋ ውሃው በየት ይለፍ?

(በመዘዞ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአካባቢው የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)







መዘዞ ያለችበት ደጋ ውሃ የሚለያይበት አገር ነው። ከጣርማበር ሸንተረር በስተምዕራብ የሚጥለው ዝናብ እየተሰበሰበ ጀማ ይገባና ወደ አባይ ያመራል፤ በስተምሥራቅ የሚጥለው ገደሉን ይዞ በሮቢና በጀውሃ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ከማሳ ጫፍ የተለቀቀ ውሃ በታች ያለ ሰው ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃንም በበሬሳ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ከበላይዋ ያለውን የገበሬ መሬት ውሃ ትቀበላለች።

ይህ ውሃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አንዲት ጥድ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ጣቢያው በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲቋቋም ዝናቡን፣ የወንዙን ውሃና የሚታጠበውን አፈር መለካት ጀመረ። በኋላ ተመራማሪዎች የአንዲት ጥድን መዝገብ ከጎጃሙ አንጀኒና ከወሎው ማይባር መዝገብ ጋር አስተያይተው አንድ ነገር አገኙ። ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ይጠጣል። ከትነት የተረፈው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ከተጠራቀመ በኋላ ግን ከዚያ ወዲያ ከሚጨመረው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ሰኔ ላይ መሬት የዋጠው ዝናብ ነሐሴ ላይ ጎርፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እርከን መሥራት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እርከን አፈር ይይዛል፣ ውሃ ያዘገያል። ይሁንና አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚመጣው ውሃ መንገድ ይፈልጋል፤ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይና መውረጃ የሌለው እርከን በነሐሴ ተደርምሶ ከበፊቱ የባሰ ጎርፍ ይለቃል። በዘመቻ ሥራ ሪፖርት ላይ የእርከኑ ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ይጻፋል፤ የመውረጃው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ቆርቆሮና አስፋልት ሰኔን አያውቁም፤ ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ እንደጠገበ የነሐሴ አፈር ናቸው። ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 65,231 ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለውባታል፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል፣ በ2014 ዓ.ም. የሪጂኦፖሊታን ደረጃ አግኝታለች። የሰፋችውም በገብስ ማሳና በግጦሽ መሬት ላይ ነው። በአጠገቧ ያሉት ትንንሽ ከተሞችም በየአቅማቸው ያንኑ መንገድ ተያይዘውታል።

ከተማው የሰበሰበው ውሃ በመንገድ ሥር ባለ ቱቦ ይወጣል። በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ቱቦው መንገዱን አቋርጦ ያበቃል፤ ውሃው ግን አያበቃም። በቱቦው አፍ ላይ ያለው ማሳ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድ መሬት ካሣ እንዲከፈል ይደነግጋል። በቱቦ ውሃ የተቆረሰው ማሳ ግን አልተወሰደም፣ ታጠበ እንጂ። ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት መሬቱ አሁንም በስሙ ነው፤ የሌለው አፈሩ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ መነሳት ያለበት ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ነው።

ውሃ መሄጃውን ከተከለከለ ምን እንደሚያደርስ ድሬዳዋ ታውቃለች። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይመላለስበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ዳርና ዳሩን ቤት ተሠርቶበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት ከከተማው በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ በተኙበት ደረሰባቸው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተገነባ፣ በላይኛው ተፋሰስም የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተሠራ። ግንቡ ብቻውን እንደማይበቃ በመታወቁ ነው ወደ ላይ የተወጣው።

በዚህ ደጋ የደቻቱን ቦታ የያዘው ጨፌ ነው። ጨፌ ሰብል ስለማይታይበት ለፕላን አውጪው ባዶ መሬት ይመስላል፤ ቤት መሥሪያ ሲፈለግም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በክረምት ግን የደጋውን ውሃ ተቀብሎ፣ አዘግይቶ፣ ደለሉን አስቀርቶ የሚለቅ እርሱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። በግና የወተት ላም በሚረባበት አገር ድርቆሽ ገንዘብ ነው። ጨፌን ለውሃ መተው መሬትን ሥራ ማስፈታት አይደለም፤ ከተማው ከጎርፍ ይድናል፣ ገበሬው መኖውን ያገኛል። ደግሞም ለከተማው ደኅንነት ሲባል ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት የሚቆይ መሬት ከሆነ፣ ከተማው ለቦዩ ጥገናና ለሣሩ እንክብካቤ ድርሻውን ቢከፍል ተገቢ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በሆላንድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 ወንዞቹ ሞልተው ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከቤቱ ከወጣ በኋላ አገሪቱ ግድብ ከማስረዘም ይልቅ ለወንዙ ቦታ መልቀቅን መረጠች። ኦቨርዲፕ በሚባል ቦታ የነበሩ ገበሬዎች መንግሥት እስኪያስነሳቸው አልጠበቁም። ራሳቸው መክረው የአፈር ጉብታ እንዲሠራላቸው፣ ቤትና በረታቸው እዚያ ላይ እንዲወጣ፣ ማሳቸው ወንዙ በጣም ሲሞላ ብቻ ውሃ እንዲቀበል ሐሳብ አቀረቡ። ተሠራላቸውም። ሁሉም ግን አልቀሩም፤ ቦታው ስለማይበቃ ገሚሶቹ ለቀው ሄደዋል፣ ይህም መነገር አለበት።

በመተባበሩ ረገድ የሰሜን ሸዋ ገበሬ የሚያንስ አይደለም። በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ መረሬ መሬት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ሴቱም ልጁም ወጥቶ በእጁ አፈር እያነሳ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራል፤ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወጣል፣ ስንዴው ከመቃጠል ይድናል። ምርምሩ በበሬ የሚሳበውን መደብ ማውጫ ያሻሻለው ይህን አይቶ ነው። ቦዩ ግን ከአንዱ ማሳ ሲወጣ ወደ ሌላው ይገባል፤ ጎረቤት ካልተስማማ ፈሰስ ጠብ ያመጣል። መውጫውን አብሮ መወሰን ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው ማዘጋጃ ቤቱ እንደ አንድ ጎረቤት ቁጭ ብሎ መምከሩ ነው።

ዩኒየኑና መሠረታዊ ማኅበራቱ እዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራ አለ። የከተማ ፕላን ልኬታ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥር ነው፤ ውሃው ያለው በነሐሴ ነው። የቀበሌው ሽማግሎችና የማኅበሩ ተወካዮች ከመሐንዲሱ ጋር በነሐሴ አብረው ቢሄዱ፣ ውሃው የደረሰበትን ጫፍ በችካል ቢያመለክቱ፣ እያንዳንዱ ቱቦ በማን ማሳ ላይ እንደሚወጣና ከዚያ ወዲያ በየት አልፎ ወንዝ እንደሚደርስ በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ብዙ ክርክር ይቀራል። የጨፌውም ድንበር በችካሉ ልክ በወል ይዞታነት ተመዝግቦ ደብተር ቢወጣለት፣ ነገ ቦታ ፈላጊ ሲመጣ ባዶ መሬት ነው ለማለት አይመችም።