ዓይነ አፋር ነው ወይስ ሌላ?

(ለአዲስ ገቢ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ልጅ ታላቅ ፊት ሲቀርብ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። እኛም «ዓይነ አፋር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን። እዚህ ግን በቲፓት ሐላቭ፣ ማለት በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ልጁ ሰው ያይ እንደሆነ ትጠይቃችኋለች። ጥያቄዋ ልጃችሁን ለመንቀፍ አይደለም። ኦቲዝም የሚባለውን ሁኔታ በጊዜ ለመለየት ነው።

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ ይለውጣል። የእናት አያያዝም ሆነ ክትባት አያመጣውም።

ተመራማሪዎች ዓይን ወዴት እንደሚያይ የሚከታተል መሣሪያ አላቸው። ልጁ ተቀምጦ ፊልም ያያል። ካሜራ በማይታይ ደካማ ብርሃን የዓይኑን ብሌን ይከተላል፤ ኮምፒዩተሩም በየቅጽበቱ የት እንዳየ ይመዘግባል። ልጁን አያመውም።

በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሚ ክሊን፣ ዋረን ጆንስና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ላለባቸው 15 ወጣቶችና ለሌለባቸው 15 ፊልም አሳዩ። የሌለባቸው የተዋናዮቹን ዓይን ሲያዘወትሩ፣ ያለባቸው አፍን፣ ሰውነትንና ዕቃን አዘወተሩ። በ2013 ደግሞ ሁለቱ ተመራማሪዎች ሕፃናትን ከ2 ወር ጀምረው የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። ኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ዓይን ያዩ ነበር፤ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ግን ማየታቸው እየቀነሰ ሄደ።

ታዲያ መሣሪያው ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። በ2023 በወጣ ጥናት ባለሙያዎች ኦቲዝም አለባቸው ካሏቸው ልጆች ከ100 71 ያህሉን ነው የለየው። የቀሩትን የለየው የባለሙያ ምርመራ ነው። ባለሙያው ደግሞ የወላጅን ቃል ይፈልጋል።

ልዩነቱን እናንተ ታውቃላችሁ። ዓይነ አፋር ልጅ እንግዳ ሲመጣ ያቀረቅራል፤ እናቱን ግን ያያል፣ ይስቅላታል፣ ያገኘውን ነገር በጣቱ ያሳያታል። በቤቱም ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ 18 ወር ሞልቶት በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ግን መታየት አለበት። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታ» ብላችሁ አትጠብቁ።

ለነርሷ ሁለቱንም ንገሯት፦ «በባህላችን ልጅ ታላቅን ትኩር ብሎ አያይም፤ በቤት ግን እንዲህ ያደርጋል» በሏት። ያን ጊዜ ጨዋነቱን እንደ ችግር አትቆጥረውም፤ ችግሩም በጨዋነት አይሸፈንም። ዕብራይስጥ ካልሆነላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ትልቁ ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። በኩፓት ሖሊም በኩልም ወደ ሕፃናት ዕድገት ምርመራ እንዲልኳችሁ ጠይቁ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ኦቲዝም በሽታ ባይሆንም ምክሩ ለዚህም ይሠራል። እርዳታው ቀድሞ ሲጀመር ልጁን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።