ጓሳን መጎብኘት ምን ማየት ነው?



ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ነው። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ማለዳ ወደ ሜዳው ሲወጡ ማየት በእርግጥ ያስደስታል፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ አይረሳ። እኔ ግን አስቀድሞ ሣሩን እንዲመለከት እመክራለሁ።

ጓሳ የቦታው ብቻ ሳይሆን የሣሩም ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ጀመረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት እንዳይታጨድ ይከለክል ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ባለመብቶቹ ማጭድ ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ቀበሮው ዛሬ አይጥ የሚያድነው በዚያ ክልከላ በተረፈው ሣር ውስጥ ነው።

ጉብኝትና ሥራ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን የፖርቱጋሏ የቦይ ከተማ አቬይሮ ታሳያለች። በቀለም ያጌጡት ጀልባዎቿ ቀድሞ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን የውኃ ውስጥ ሣር ይሰበስቡ ነበር፤ ዛሬ የሚጭኑት ቱሪስት ነው። ሥራው ጠፍቶ ትርኢቱ ቀረ። በጓሳ አጫጁ ዛሬም አለ። ስለዚህ በማኅበረሰቡ ሎጅ የሚያድር ሰው «ሣሩ መቼ ይከፈታል? የሚወስነውስ ማን ነው?» ብሎ አስጎብኚውን ይጠይቅ፤ ተከፍቶ ካገኘውም አጨዳውን ሳያይ አይመለስ።