ክረምት ሳይገባ ቤታችንን እንይ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ ቀበሌ እንዲሰበስብ ታዘዘ። አዋጁ በዚህ አላበቃም፤ ገንዘቡ በዝቅተኛ ዋጋ ቤት እንዲሠራበትና የአካባቢው ነዋሪ ኑሮ እንዲሻሻልበት ጭምር ይላል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ያልተለወጠው ክርክሩ ነው። አከራይ «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም»፣ ተከራይ «ቤቱ የኔ አይደለም» ሲባባሉ ግድግዳው በመሀል ይበሰብሳል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው እኮ! መጀመሪያ ጣራው ያፈሳል፤ ቀጥሎ ምርጊቱ ይረግፋል፤ በመጨረሻም የባሕር ዛፉ ቋሚ ከሥሩ ይበሰብሳል። ዛሬ አንድ ቆርቆሮ የነፈግነው ቤት ነገ ሙሉ ግድግዳ ይጠይቀናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በግንቦት ቤት ለቤት ዞረን የሚያፈሰውን እንመዝግብ፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ይቅደሙ። ሁለተኛ፣ ቦይ መጥረግና ምርጊት የኛ፣ ቆርቆሮና ቋሚ የአከራዩ ድርሻ ይሁን። ሦስተኛ፣ የተሰበሰበው ኪራይና ለጥገና የወጣው ወጪ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካፋና ዶማ ይዘን እንገናኝ። ከቦዩ እንጀምራለን።