ሣሩን ለማጨድ አንቸኩል
(በማኅበራችን የመስከረም ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



በአገራችን አደይ አበባ በሚፈነዳበት በዚህ ሰሞን፣ እዚህ ሜሪላንድ የአበባው ሥራ ገና ከመሬት በታች ሊጀመር ነው። አረጋውያን እናቶቻችን በሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው ሣር ውስጥ አበባ እንትከል ስላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ሰው በሰጠን ገንዘብ አበባ?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የራሴን ልንገራችሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በኦክቶበር ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ከረጢት የክሮከስና የስኖውድሮፕ ራስ ገዝቼ ኩሽና ውስጥ ትቼው ሥራ ሄድኩ። ራሱ ቁርጥ ትንሽ ሽንኩርት ነው የሚመስለው። ማታ ስመለስ እናቴ ለወጥ ልትልጠው ቢላዋ ይዛ ደረስኩባት! ሳቅን እንጂ የሚያስቅስ አልነበረም፤ ስኖውድሮፕም ዳፎዲልም መርዝ ናቸው። እባካችሁ ከኩሽና አርቋቸው።

በማግስቱ አብረን ተከልን። እናቴ እፍኝ ሙሉ ይዛ፣ ለቡና ፈንድሻ እንደምንበትነው ሣሩ ላይ በተነችው፤ በወደቀበት በወደቀበት ቆፍረን ቀበርነው። ለካ ትክክለኛው ዘዴ ይኸው ኖሯል፤ በመስመር ከተተከለ የጎመን መደብ ይመስላል። ለክሮከስ ጥልቀቱ አራት ጣት፣ ማለትም 3 ኢንች ያህል ነው፤ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ይሁን። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን ያበሰብሰዋል። ስኩረል ክሮከስ ቆፍሮ መብላት ይወዳል፤ ቶማሲኒያኑስ የሚባለውን ቀጭን ዓይነት ብዙም ስለማይነካው እሱን ብንመርጥ ይሻላል።

እነዚህ አበቦች ብርድ ካላገኙ አያብቡም፤ 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። እናቴ ግን ያንን ብርድ መስኮት ሥር ካለው ወንበር ሳትነሣ ነው ያሳለፈችው። ምግብም ቀንሳ ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእኔን ቡትስ አጥልቃ ውጭ ቆማ አገኘኋት። ሐምራዊው ክሮከስ ሣሩን ሰንጥቆ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መውጣት ጀመረች፤ ከጎረቤታችን ሴትዮ ጋር በምልክት የተዋወቁትም ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። አበባው በረገፈ በሁለተኛው ሳምንት «ሣራችሁ ረዝሟል» የሚል ደብዳቤ ከቤቶቹ አስተዳደር መጣና ደንግጬ ሁሉንም አጨድኩት። የክሮከስ ቅጠል መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ሣር የሚመስል ቀጭን ቅጠል ነው። ራሱ ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሆነውን ስንቅ የሚያከማቸው በዚያ ቅጠል ነው። ቢጫ እስኪሆን ስድስት ሳምንት ያህል መታገሥ ነበረብኝ። በዓመቱ የወጣው አብዛኛው ቅጠል ብቻ ሆነ። እናቴ «የት ሄዱ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት የሚያሳስበኝ ሣር አጫጁ ነው። የሕንፃውን ሣር የሚያጭዱት ሰዎች በአፕሪል መጀመሪያ ይመጣሉ። ያንን ጥግ እስከ ሜይ አጋማሽ እንዲተዉት፣ የአረም መድኃኒትም እንዳይረጩበት፣ የሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ካልፈቀደልን አንድ ራስ እንኳ አንግዛ። የደጋፊዎቻችን ገንዘብ ለአንድ ዓመት አበባ ብቻ መውጣት የለበትም፤ ቅጠሉ ካልተነካ ግን ክሮከስ በየዓመቱ ራሱን እያበዛ ይመለሳል። ደብዳቤውን ለመጻፍ እንግሊዝኛዋ ጠንከር ያለ አንዲት እህት ዛሬ እጇን ታውጣልኝ።

ፈቃዱ ከተገኘ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ እንተክላለን። ጓንትና መቆፈሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ መበተኑን ትይዛላችሁ፤ የዚያ ክፍል ኃላፊ እናቴ ናት።