የተለወጠው ማን ነው? መድኃኒቱ ወይስ ትሉ?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት ራት ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ነገር ግን ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከቆቃና ከአዋሽ ዳር የመጣችሁ ወላጆች እንደማትስቁ አውቃለሁ። ይህች የእሳት ራት ከቲማቲም ማሳችሁ የበላችው የእኛን የደብተርና የልብስ ገንዘብ ጭምር ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ከቤታችን ነው። አባቴ በመቂ አጠገብ ቲማቲም ያመርታሉ። በአንድ የበጋ ወራት ቅጠሉ እሳት እንደ ነካው ወረቀት እየደረቀ፣ ፍሬውም በጥቃቅን ቀዳዳ እየተበሳ ሄደ። አባቴ መድኃኒት ገዝተው ረጩ። በመጀመሪያው ዓመት ትሉ ሞተ። በሁለተኛው ዓመት ያው መድኃኒት ግማሹን ያህል ብቻ ገደለ። በሦስተኛው ዓመት መጠኑን እጥፍ አድርገው፣ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው በየአራት ቀኑ ቢረጩም፣ ለገበያ የደረሰው ጥቂት ሳጥን የመድኃኒቱን ዕዳ እንኳ አልከፈለም። እኔም ለዕረፍት ቤት በገባሁ ጊዜ አባቴ፣ «ልጄ፣ አንተ ሳይንስ ትማራለህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ መድኃኒቱ ነው የተበረዘው ወይስ ትሉ ነው የተለወጠው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ስላልነበረኝ አፈርሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ጠላታችንን እንወቅ። በሳይንስ ዓለም ቱታ አብሶሉታ በሚባል ስም ትታወቃለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ከፔሩ በተገኘ ናሙና መሠረት አብሶሉታ ብሎ የሰየማት ኤድዋርድ ሜይሪክ ሲሆን፣ እርሱም በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው። አንዲቱ እናት እስከ 260 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ውስጡን እየበላ መንገድ ስለሚያወጣ፣ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ሙቀት በሚበዛበት አገር በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 12 ትውልድ ልትተካ ትችላለች። በሰው ብንቆጥረው ከእኛ ወደ ኋላ 12 ትውልድ ማለት እስከ ጎንደር ነገሥታት ዘመን መመለስ ነው። እርሷ ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ዓመት ትጨርሰዋለች።

የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በእስፓኝ ታየች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግራ በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መኖሯ ታወቀ። በ2015 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡትን የእሳት ራቶች የዘር ውርስ አመሳክሮ፣ ባሕሩን ተሻግረው የተስፋፉት ሁሉ ከመካከለኛው ቺሊ በአንድ ጊዜ ብቻ ከገባ ወገን የመጡ መሆናቸውን አመለከተ። እንግዲህ በእስፓኝ ያለችውና በአፍሪካ ያለችው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው፣ «ሁሉም ዘመዳሞች ከሆኑ አንድ መድኃኒት ለሁሉም ይበቃል» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች እንኳ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዱ ወባ ቶሎ የሚጥለው ሌላው የሚቋቋመው መሆኑን ሁላችንም እናያለን። ትሎቹም እንደዚሁ ናቸው። በዘር ውርስ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ፣ መድኃኒቱ የሚያርፍበት የአካል ክፍል ቅርጹ ጥቂት ይለያል። ቁልፉ ያው ነው፤ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ተለውጧል።

ይህ ግምት አይደለም። ነርቭን የሚመታው ፒሬትሮይድ የተባለው የመድኃኒት ወገን በብዙ አገር የደከመበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው ለውጥ በትሎቹ ዘንድ በመስፋፋቱ ነው። ጡንቻን የሚመታው ዳያማይድ የተባለው አዲስ ወገንም በገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ፣ በ2015 ዓ.ም. በኢጣሊያ በሲሲሊ ደሴትና በግሪክ የሚቋቋሙት ትሎች ተገኙ። ነገሩ በቲማቲም ብቻ አልተጀመረም። በ1914 ዓ.ም. አክስል ሜላንደር የተባለ የአሜሪካ ሊቅ የፍራፍሬ ዛፍ ተባዮች ርጭትን ሊቋቋሙ መቻላቸውን ጽፎ ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ማሳ ልመለስ። በማሳው 10,000 ትል አለ እንበል። ከእነዚህ መካከል ውርሳቸው መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ የሚያደርጋቸው 10 ብቻ ናቸው። ገበሬው ሲረጭ 9,990ው ይሞታሉ፤ ገበሬውም ደስ ይለዋል። ግን ነገ የሚጋቡት እነማን ናቸው? እነዚያ 10 ናቸው። ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን ውርስ ይወስዳሉ። ገበሬው ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ሲረጭ ደካሞቹን ያርምላቸዋል እንጂ ብርቱዎቹን አይነካም። ገበሬ በሬውን መርጦ እንደሚያረባ፣ እኛም ሳናውቅ ብርቱውን ትል መርጠን አራባን።

ስለዚህ፣ አባቴ ሆይ፣ መልሱ ይህ ነው። አንዱ ትል በዕድሜው አልተለወጠም፤ መድኃኒቱን «አልለመደም»። የተለወጠው የማን ልጆች እንደሚበዙ ነው። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ደግሞ ምርጫውን የባሰ ያጠነክረዋል፤ የረጪውንም ጤና ይጎዳል። በእርግጥ መድኃኒት ሊበረዝም፣ ጊዜው ሊያልፍበትም ይችላል፤ ትሉም በቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ትሉን ከማሳው ወስዶ በማስመርመር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለምን? ቀድሞ የናዝሬት ምርምር ማዕከል ይባል የነበረው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህ ከአዳማ ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ መድኃኒት ስንለውጥ የጠርሙሱን ስም ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን ወገን እንለውጥ፤ ሁለት ስም ያላቸው ጠርሙሶች አንድ ወገን ሊሆኑ ይችላሉና። ሁለተኛ፣ ለቀማው ሲያልቅ የተጎዳውን ተክልና የወደቀውን ፍሬ በማሳ አንተው፤ እንቅበረው ወይም እናቃጥለው። ሦስተኛ፣ ቲማቲምን በቲማቲም ላይ አንትከል፤ ሽንኩርት ወይም በቆሎ እናፈራርቅ። ድንች ግን የቲማቲም ዘመድ ስለ ሆነ ለእርሷ ድግስ ነው፤ በድንበር ላይ የሚበቅለው አስተናግርም ሊያስጠልላት ስለሚችል ይነቀል። አራተኛ፣ የሴቷን ሽታ አስመስሎ ወንዱን የሚያጠምደውን ወጥመድ እንጠቀም፤ ወጥመዱ ብዛታቸውን ስለሚነግረን ያለ ምክንያት ከመርጨት ያድነናል።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሰው ማሳ ብቻ ቢደረግ ዋጋ የለውም። የእሳት ራቷ አጥር አታውቅም፤ በጎረቤት ማሳ የተመረጠው ብርቱ ትል ክንፍ አውጥቶ ወደ እኛ ይመጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፣ አንድ የመስኖ ቦይ የሚጠጡ ጎረቤታሞች ተማክረው በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ኖሮ የሦስት ዓመት ድካማችን ባልባከነ ነበር።

ውድ ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። በሥነ ሕይወት ክፍል ስለ ዘር ውርስ ስንማር ለፈተና ብቻ የሚሆን ይመስለን ነበር። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነገር በአባቶቻችን ማሳ ላይ በየወሩ እየተፈጸመ ነው። ለዕረፍት ቤታችን ስንገባ አባቶቻችን ይጠይቁናል። እኔ አንድ ጊዜ አፍሬአለሁ፤ እናንተ እንዳታፍሩ ይህን ነገርኋችሁ።

አባቴ ዛሬ ከእናንተ መካከል ተቀምጠዋል። በዘንድሮው ዓመት በቲማቲሙ ቦታ ሽንኩርት ተክለዋል።